የእንቁላል እጢ እርጅና እና የሆርሞን ለውጥ በጤናማ ሴቶች

የሰው አካል ክፍሎች ሁሉ በእኩል ፍጥነት አያረጁም። በሴቶች ቀድሞ ከሚያረጁት አንዱ የእንቁላል እጢ ነው። ጤናማና ብርቱ በሆነች ሴት ላይም ቢሆን፣ ከ30ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በኋላ የመፀነስ ዕድል በፍጥነት የሚቀንሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ያልበሰሉ እንቁላሎች ይኖሯታል። ክምችቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደተሞላ ጎተራ ነው፤ ኋላ አይጨመርበትም። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ። በዕድሜዋ በስለው የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ገደማ ሲሆኑ፣ የቀሩት በተፈጥሮ ይከስማሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ መውሰድ ክምችቱን አያሟጥጥም።

ሆርሞኖች ምን ያመለክታሉ?

በማደግ ላይ ካሉ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች የሚመነጨው ኤኤምኤች የተሰኘ ሆርሞን፣ ክምችቱ ሲመናመን አብሮ ይቀንሳል። በአንጻሩ ከአንጎል ሥር የሚገኘው የፒቱታሪ እጢ፣ እንቁላል እንዲበስል የሚያዘውን ኤፍኤስኤች በብዛት ይለቃል፤ የእንቁላል እጢው ምላሽ ሲዳከም ትእዛዙ ይበረታልና። ኢስትሮጅን ደግሞ ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ከፍ ዝቅ ይላል። የወር አበባ መዛባት፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ እንዲሁም የእንቅልፍ መረበሽ ከዚህ ለውጥ ጋር ይያያዛሉ።

የኤኤምኤች ምርመራ የእንቁላሎችን ብዛት እንጂ ጥራት አያሳይም። በመሆኑም ውጤቱ ዝቅ ያለባት ጤናማ ሴት አትወልድም ማለት አይደለም።

ማረጥ እና ጥንቃቄው

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው ያለ ሌላ ምክንያት የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቋረጥ ነው። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። ሲጋራ ማጨስ ጊዜውን ያፈጥነዋል።

የወር አበባ መዛባት ስለጀመረ ብቻ እርግዝና አይኖርም ብሎ መዘናጋት አይገባም። የወር አበባዋ ከ50 ዓመት በፊት የተቋረጠ ሴት ለ2 ዓመት፣ ከ50 በኋላ የተቋረጠባት ደግሞ ለ1 ዓመት መከላከያ እንድትጠቀም ይመከራል።

ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባዋ ለወራት የጠፋባት፣ ወይም ካረጠች በኋላ ደም የታያት ሴት ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።