በላብራቶሪ የሚያድግ የአፍ ውስጥ ሽፋን እና የደም ሥር አሳዳጊ ፕሮቲኖች

ድድ ወይም የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በበሽታ፣ በአደጋ ወይም በዕጢ ቀዶ ሕክምና ሲጎድል፣ ሐኪም ከሌላ የሰውነት ክፍል ሽፋን ወስዶ ሊተክል ይችላል። በላብራቶሪ የሚያድገው ሽፋን የሚጀምረው ከሕመምተኛው አፍ ከሚወሰድ ትንሽ ናሙና ነው፤ ሴሎቹ ለጥቂት ሳምንታት ተባዝተው ወደ አፍ ይመለሳሉ።

የደም ሥር ለምን ያስፈልጋል?

አዲስ የተተከለ ሽፋን የራሱ የደም ዝውውር የለውም። የመጀመሪያዎቹን 1 እና 2 ቀናት ከሥሩ ካለው ቁስል ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል። ከዚያ ትናንሽ የደም ሥሮች ካልደረሱለት ጠቁሮ ይሞታል። የደም ሥሮችን የሚጠሩት አሳዳጊ ፕሮቲኖች ናቸው። ዋነኛው ቪኢጂኤፍ ይባላል፤ የታወቀው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ኦክስጅን ያጠራቸው ሴሎች ይህን ፕሮቲን ሲያመነጩ፣ በአካባቢው ያሉ የደም ሥሮች ወደዚያ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። በላብራቶሪ ያደጉ የአፍ ሴሎችም ያመነጩታል። ሆኖም ካንሰርም ለማደግ በዚሁ ፕሮቲን ስለሚጠቀም፣ ፕሮቲኑን ከውጭ መጨመር ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

እኛ አካባቢስ?

ይህ ሕክምና በዓለም ደረጃም ገና በጥናት ላይ ያለ ስለሆነ፣ እሱን እየጠበቁ ሕክምናን ማዘግየት አይገባም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሆስፒታል ተመርምረው፣ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍልዎታል። እንደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለበት፣ ለትልቅ ጉድለት የራሱን የደም ሥር እንደያዘ ሥጋ ማዛወር ይቻላል።

ሽፋን ከተተከለልዎ

• ሲጋራ አያጭሱ፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል።
• ቦታውን በምላስ፣ በጣት ወይም በመፋቂያ አይነካኩ።
• አጥሚትና ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ ይውሰዱ፤ ቆሎ፣ ሚጥሚጣና ትኩስ ቡና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ።
• ስኳር ካለብዎ መድኃኒትዎን አያቋርጡ።
• ከገጠር ከመጡ የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስፒታሉ አቅራቢያ ቢያርፉ ይመረጣል፤ ሽፋኑ መያዝ አለመያዙ የሚለየው በእነዚህ ቀናት ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ

ሽፋኑ ከጠቆረ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ትኩሳት ካለ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጭነውት መድማቱ ካልቆመ ቀጠሮ አይጠብቁ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ከኩፍኝ ያገገመ ልጅ ድዱ ቆስሎ ከሸተተና ጉንጩ ካበጠ ኖማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ያሳዩት። ገና ሲጀምር በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከታከመ ፊቱን ከጉዳት፣ ሕይወቱንም ከሞት ማትረፍ ይቻላል።