መርከበኛ የሌላት ጀልባ

መርከብ ሲባል መርከበኛ አብሮ ይታሰባል። ሸራውን የሚያጠብቅ እጅ፣ መሪውን የሚይዝ ክንድ ሳይኖር ጀልባን ወደ ውቅያኖስ መልቀቅ ለብዙ ሰው ንብረትን እንደ መጣል ይቈጠር ይሆናል። ዳሩ ግን የሰው ልጅ ራሱ በማይሄድበት ባሕር ላይ መልእክተኛ መስደድ ከጀመረ ቈይቷል፤ የዚህንም ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በኋላ የሞናኮ ገዥ የሆነው ልዑል አልበርት ከ1885 እስከ 1888 ዓ.ም. ድረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ 1675 ተንሳፋፊ ዕቃዎች አስጥሎ ነበር። እነዚህም ጠርሙሶች፣ በርሜሎችና ከመዳብ የተሠሩ ድቡልቡል ዕቃዎች ሲሆኑ፣ ያገኛቸው ሰው ስፍራውንና ቀኑን እንዲያስታውቅ የሚለምን ወረቀት በውስጣቸው ይዘዋል። ወሬያቸው የተመለሰው ከ220 ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ናቸው። ደብዳቤ ጽፎ መልስ የሚጠባበቅ የመሥሪያ ቤት ሰው የልዑሉን ትዕግሥት ሳያደንቅ አይቀርም። በነዚሁ ጥቂቶች ተመርቶ የሰሜን አትላንቲክ ውሃ በአዞሬስ ደሴቶች አካባቢ እንደሚዞር ለማስረዳት ቻለ። ነገር ግን ጠርሙስ የሚናገረው የተጣለበትንና የተገኘበትን ስፍራ ነው። በቀጥታ ይምጣ ወይም ዓመት ሙሉ ሲዞር ይክረም፣ መካከሉን ተመራማሪው በግምት መሙላት ነበረበት።

ይህን ጉድለት የሞላው ሸራ ሳይሆን ራዲዮ ነው። በ1978 ዓ.ም. አሜሪካና ፈረንሳይ በኅብረት ያቋቋሙት አርጎስ የተባለው የሳተላይት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ሳተላይቱ ወደ ተንሳፋፊው ዕቃ ሲቀርብና ከርሱ ሲርቅ በራዲዮው ሞገድ ላይ የሚታየውን ልዩነት በማስላት፣ ዕቃው ያለበት ስፍራ ይታወቅ ጀመር። ከዚያም ጂ.ፒ.ኤስ. ሲስፋፋ መሣሪያው እያነሰ ሄደ። ታናሽ ጀልባ ለምርምር ዋጋ ያገኘችው ከዚህ ወዲህ ነው ብለን እንፈርዳለን፤ ወሬዋ የማይሰማ ጀልባ ከልዑሉ ጠርሙስ ብዙ አትሻልምና።

ከነዚህ ጀልባዎች አንዳንዶቹ መሪያቸውን ራሳቸው የሚያዞሩ ናቸው። ማይክሮትራንሳት የተባለው ውድድር በ2005 ዓ.ም. የታሰበው ለነዚህ ነው፤ ዓላማውም ሰው የሌለባት ጀልባ በራሷ አትላንቲክን እንድትሻገር ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረው ሁሉ ከሸፈ። ሌሊትና ቀን ከማይተኛው ማዕበል ሌላ፣ ጀልባዋን የወደቀ ዕቃ መስሏቸው የሚያነሡ ዓሣ አጥማጆችም ነበሩ። በመጨረሻ በ2018 ዓ.ም. ሴይልቡይ የተባለች 2 ሜትር ርዝመት ያላት የኖርዌይ ጀልባ ከኒውፋውንድላንድ ባሕር ተነሥታ በ80 ቀን አየርላንድ አጠገብ ደረሰች። በቀጥታ ቢለካ 3000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ፣ ነፋስ እየመለሳት 5100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ ነው።

የኛ ልብ ግን የሚያደላው መሪ ለሌላት ለተማሪዎች ጀልባ ነው። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በ2008 ዓ.ም. የተመሠረተው ኤዱኬሽናል ፓሴጅስ የተባለው ድርጅት ተማሪዎች አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላትን ጀልባ እንዲያዘጋጁ ያደርጋል። ሸራዋ አይታጠፍም፤ ከሥሯ ክብደት ስላለባት ማዕበል ቢገለብጣት ተመልሳ ትቆማለች፤ ነፋስና ውሃ ወደ ወሰዷት ትሄዳለች። ተማሪውም ጀልባዋ የላከችውን ስፍራ በካርታ ላይ እየነጠበ ይከተላታል።

በኒው ሃምፕሸር ግዛት የራይ ከተማ ተማሪዎች ያዘጋጇት ራይ ሪፕታይድስ በኦክቶበር 2020 ዓ.ም. በመርከብ ተወስዳ አትላንቲክ ላይ ተለቀቀች። ተማሪዎቹ በወረርሽኙ ምክንያት ሊሸኟት አልቻሉም። በጕዞዋ ላይ ድምፅዋ አንዳንዴ እየተሰማ አንዳንዴም እየጠፋ ቈየ፤ የሰጠመች የመሰላቸውም አልጠፉም። በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ከኖርዌይ ዳርቻ፣ በስሞላ ደሴት አጠገብ ሰው ከማይኖርበት ታናሽ ደሴት ላይ ተሰማች። ከተለቀቀች 462 ቀን ሆኗት ነበር፤ የተጓዘችውም ከ13000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ሳተላይት ያለችበትን ስፍራ ይናገራል እንጂ ከድንጋዩ ላይ አያነሣትም። ያነሣት በዚያው ደሴት የሚኖር ተማሪ ነው። አካልዋ ተሰብሮ፣ ቅርፊት ያላቸው የባሕር ፍጥረታት ተጣብቀውባት ነበር፤ የዕቃ ጓዳዋ ግን ደኅና ነበር። ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር ሲከፍታት፣ የራይ ልጆች ያስቀመጡት የአገራቸው ዛፍ ቅጠልና ፍሬ፣ ሳንቲሞችም፣ የሁሉም ስም የተጻፈበት የፊት መሸፈኛም ተገኘ።