ሙዚቃና የአየር ንብረት ለውጥ በወለጋ

በሙዚቃ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ መፍጠር ማለት የዝናቡን መዛባት፣ የደኑን መመናመንና መደረግ ያለበትን በዜማ ለሕዝብ ማድረስ ነው። በነቀምቴ፣ በኑኑ ቁምባና በሌሎች የምሥራቅ ወለጋ አካባቢዎች ግን ስለ ዝናብ ማዜም ከዚህ ዘመን አጀንዳ እጅግ የቀደመ ነው።

በኦሮሞ ባህል ዝናብ ሲዘገይ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው አቴቴ ለተባለው የልመና ሥርዓት ይወጣሉ፤ አንዷ ዜማውን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የኢሬቻ በዓልም በሁለት ወቅት ይከበራል፦ በበጋው ማብቂያ ተራራ ላይ (ኢሬቻ ቱሉ) ዝናብ ይለመናል፤ ክረምቱ ሲወጣ ውኃ ዳር (ኢሬቻ መልካ) ምስጋና ይቀርባል። የጀግናና የአዳኝ ዜማ የሆነው ጌረርሳ ደግሞ ችግርንና በደልንም ሲያወሳ ኖሯል። በቆሎው ወይም ኑጉ ዝናብ አጥቶ የቀረበት ገበሬ ብሶቱን የሚያሰማበት መንገድ ድሮውንም አለው።

በዓለም ዘንድ የኢትዮጵያን ድርቅ ከሙዚቃ ጋር ያስተሳሰረው የ1977ቱ ረሃብ ነው። ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የደረሱት የባንድ ኤይድ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ዘፈን በኅዳር 1977 ዓ.ም. ወጣ፤ ሐምሌ 6 ቀን ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። የተሰበሰበው ገንዘብ ለብዙዎች ደርሷል። የዘፈኑ ግጥም ግን ኢትዮጵያን ዝናብና ወንዝ የማያውቃት አድርጎ ሣላት፤ ይህም ትልቅ ስሕተት ነበር። በዚያው ወቅት መንግሥት ከወሎና ከትግራይ ያስነሣቸውን ሰዎች፣ ብዙዎቹንም ያለ ፈቃዳቸው፣ ካሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ዝናባማው ወለጋ ነው። ለእርሻና ለጎጆ ሲባልም ደን ተመነጠረ። በ1980 ዓ.ም. የሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ቡድን ዓለምን ስለ እርዳታው ለማመስገን ባሕር ማዶ ሲዞር፣ ይህ የድርቁ ሌላ ገጽ እምብዛም አልተዘፈነለትም።

በችግኝ ተከላም ተመሳሳይ ክፍተት አለ። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ዘመቻን የሚያጅብ ዜማ ሰውን ለተከላ ያስወጣል፤ ችግኝ የሚደርቀውና በከብት የሚበላው ግን በበጋው ነው። ስለዚህ ለወለጋ የሚዘፍን ሁሉ በአፋን ኦሮሞ፣ ሕዝቡ በሚቀበለው ዜማ፣ የጥርና የየካቲትን ውኃ ማጠጣትና አጥር ማጠርንም ይዝፈን።