መዝገብና ርዕዮት፦ ካፒታሊዝም፣ ኮሙኒዝምና የዘር ንድፈ ሐሳብ ሰውን እንዴት መደቡት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ በቃል የቀረበ፤ ለድረ ገጹ በመጠኑ ተስተካክሎ የተዘጋጀ)



ዛሬ የምናገርበት ርዕስ ሰፊ ነው። ስለ ካፒታሊዝም፣ ስለ ኮሙኒዝምና ስለ ዘር ንድፈ ሐሳብ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከመጻሕፍት ነው፤ ከአዳም ስሚዝ፣ ከማርክስ፣ ከጎቢኖ። ተማሪዎቼም በፈተና ወረቀታቸው ላይ እነዚህን ስሞች በቅደም ተከተል ይደረድሩልኛል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አስተሳሰቦች በአንዱ ምክንያት ቤቱ የፈረሰበት ወይም ሕይወቱ የተቃናለት ተራ ሰው ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱንም አላነበበም። እንግዲያው ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወጥቶ ከዚያ ሰው ደጃፍ የደረሰው በምን መንገድ ነው?

የእኔ መልስ አጭር ነው፤ በመዝገብ በኩል ነው። ሦስቱ አስተሳሰቦች እርስ በርሳቸው የመረረ ጠላትነት ቢኖራቸውም ሰውን የያዙበት እጅ ተመሳሳይ ነበር። የመደብ ስም ሰጡት፣ በዚያ ስም መዘገቡት፣ ከዚያም መብቱንና ዕጣውን በተመዘገበበት ስም ወሰኑ። ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ነጥቤ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ እምነቱ ሲሞት መዝገቡ አብሮት አይሞትም። ይህን በአራት ምሳሌዎች ላስረዳ። የማነሣቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትርፍ ቀደመ፣ ንድፈ ሐሳብ ተከተለ

የመጀመሪያው ምሳሌዬ በሰሜን አሜሪካ የነበረው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ቨርጂኒያ ነው። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ልጅ የአባቱን ማዕረግ ይከተል ነበር። በ1662 የቨርጂኒያ ሸንጎ ይህን ገልብጦ፣ የሚወለደው ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ መሆኑ በእናቱ ሁኔታ ይወሰናል ሲል ደነገገ። የሕጉ ትርጉም ለትምባሆ እርሻ ባለቤቶች ግልጽ ነበር። በባርነት ያለች ሴት የምትወልደው ልጅ፣ አባቱ የእርሻው ጌታ ራሱ ቢሆን እንኳ፣ ከንብረት መዝገብ ላይ ይጨመራል። ማኅፀን የካፒታል ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዘመን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። የሰውን ልጅ በቀለምና በአህጉር የከፈለው የስዊድናዊው የሊኔየስ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1735 ነው። ጀርመናዊው ብሉመንባኽ «ካውካሳዊ» የሚለውን መጠሪያ ያስፋፋው በ1795 ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ከመጀመሪያው በ73 ዓመት፣ ከሁለተኛው በ133 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ የዘር ሳይንስ ተብሎ የተጠራው ነገር ባርነትን አልወለደም፤ ቀድሞ ለተከፈተ የሒሳብ መዝገብ ኋላ የመጣ ማብራሪያ ነበር። ሰው አስቀድሞ ተሸጠ፣ ለምን እንደሚሸጥ የሚያስረዳው መጽሐፍ በኋላ ተጻፈ።

ከዚህ በኋላ 270 ዓመታትን እንሻገርና ወደ 1930ዎቹ የአሜሪካ ከተሞች እንምጣ። በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ200 የሚበልጡ ከተሞችን ሰፈሮች በአራት ቀለማት ለይቶ ካርታ አዘጋጀ። አረንጓዴው ምርጥ፣ ቀዩ ደግሞ አደገኛ ማለት ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀይ ይቀባ ነበር። ካርታዎቹ ብቻቸውን ያደረሱት ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ የታሪክ ጸሐፍት ዛሬም ይከራከራሉ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር መመሪያ ግን ሰፈሮች በዘር ተለይተው እንዲቆዩ በግልጽ ይመክር ነበር። የባንክ ሠራተኛው ጥቁሮችን መጥላት አያስፈልገውም፤ መመሪያውን መከተል ይበቃዋል። በ1968 አድልዎው በሕግ ተከለከለ። ሆኖም ቤት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነውና፣ አባት ቤት እንዳይገዛ ተከልክሎ የነበረበት ቤተሰብ ልጁ ዛሬም ኪራይ ከፋይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ንድፈ ሐሳብ ቀደመ፣ መታወቂያ ተከተለ

ሁለተኛው ምሳሌ መንገዱ የተገላበጠ ነው፤ ሩዋንዳ ነው። የአገራችንም ስም ያለፈቃዷ የገባበት ታሪክ ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆን ሀኒንግ ስፒክ በ1863 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ያገኛቸው ገዥ ወገኖች ከኢትዮጵያ ምድር የመጡ ናቸው የሚል መላምት አቀረበ። ማስረጃው የሰዎቹ መልክና ቁመና ነበር። ከሐሳቡ በስተጀርባ ያለው እምነት ደግሞ አፍሪካዊ በራሱ መንግሥት ሊያቆም አይችልም የሚል ነው። መንግሥት ከተገኘ ከሌላ ቦታ የመጣ ዘር መኖር አለበት ተባለ። ይህ «የካም ዘር» መላምት ተብሎ በቅኝ ገዥዎችና በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤቶች ተሰራጨ።

ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ተጎራብተው የሚኖሩ ነበሩ። በመካከላቸው የከብት ሀብት፣ የሥልጣንና የጥገኝነት ልዩነት እንደነበረ የሚካድ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ጠባብም ቢሆን መሻገሪያ ነበረው። የቤልጂግ አስተዳደር በ1930ዎቹ እያንዳንዱን ሰው መዝግቦ ከሦስቱ አንዱ የተጻፈበት መታወቂያ ሲሰጥ ያ መሻገሪያ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ልጅ የአባቱን ስም ብቻ ሳይሆን በአባቱ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቃል ይወርስ ጀመር።

ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ እንዲያስተውሉት የምፈልገው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ከ1959 እስከ 1962 በነበረው ለውጥ በዚያ መታወቂያ ሲበደሉ የኖሩት ወገኖች ሥልጣን ያዙ፤ አገሪቱም ነጻ ወጣች። መታወቂያውን ግን አልጣሉትም፤ ተረከቡት። ትናንት ቱትሲውን ለመሾም ያገለገለው መስመር ዛሬ ከትምህርትና ከሥራ ለማራቅ አገለገለ። በኅዳር ወር 1992 ሌዎን ሙጌሴራ የተባለው ፖለቲከኛ በአደባባይ ባደረገው ንግግር፣ ቱትሲዎችን በኛባሮንጎ ወንዝ በኩል ወደ ኢትዮጵያ እንደሚመልሷቸው ዛተ። በዚህ ንግግር በአገሩ ፍርድ ቤት ተከሶ በ2016 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። የስፒክ መላምት በሊቃውንት ዘንድ ውድቅ ከሆነ ዘመናት አልፈው ነበር፤ ከ129 ዓመት በኋላ ግን የግድያ ቅስቀሳ ሆኖ ተመለሰ። በ1994 በየኬላው መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። ሞትና ሕይወትን የለየው በዚያች ወረቀት ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነበር። ከ800 ሺህ የማያንሱ ሰዎች በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ ተገደሉ።

ደምን የካደው ርዕዮት

ሦስተኛው ምሳሌ ሶቪየት ኅብረት ነው። ኮሙኒዝም ዘርን የሚክድ፣ ሰው በሥራው እንጂ በትውልዱ አይመዘንም የሚል ርዕዮት ነው። በዚህም ምክንያት በቅኝ አገዛዝና በዘረኝነት ሥር ለነበሩ ሚሊዮኖች ተስፋ ሆኖ ታይቷል። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለታሪክ ታማኝ አለመሆን ነው።

ይሁንና «ኩላክ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሀብታም ገበሬ ማለት ነው፤ ግን ምን ያህል ሀብት? በ1929 መንግሥት ምልክቶችን ዘረዘረ፤ የሰው ጉልበት መቅጠር፣ ወፍጮ መያዝና የመሳሰሉት። ጥር 30 ቀን 1930 ደግሞ የፖሊት ቢሮው ኩላኮችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የሚወገዱበትን ውሳኔ አሳለፈ። የመጀመሪያዎቹ ለጥይት ወይም ለካምፕ፣ ሁለተኛዎቹ ወደ ሩቅ አገር ለግዞት፣ ሦስተኛዎቹ ከመንደራቸው ተነቅለው በአካባቢው ለሌላ ስፍራ ተመደቡ። ለየክልሉም ቁጥር ተቆረጠለት። ቁጥሩ መሙላት ስላለበት ሁለት ላም ያለው ገበሬ ኩላክ ሆነ፤ ምንም የሌለው ተቃዋሚም «የኩላክ ተከታይ» ተባለ። በ1930 እና በ1931 ብቻ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተግዘዋል። ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ተግዘዋልና መደብ በተግባር እንደ ደም ይወረስ ጀመር።

በ1932 መጨረሻ የአገር ውስጥ ፓስፖርት ተጀመረ፤ የብሔር ስም የሚጻፍበት ቦታም ነበረው። በ1938 በወጣ መመሪያ ብሔር በወላጆች እንዲወሰን ተደረገ። ደምን የካደው ርዕዮት ደምን በመዝገብ ላይ አተመ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ፣ ፓስፖርቱ ለዓመታት የጻፋቸው ስሞች ከርዕዮቱ በኋላም በሰዎች አእምሮ ውስጥ ጸንተው ቆዩ።

በቤታችን

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ሦስቱንም አስተሳሰቦች በመቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አስተናግዳለች።

ፋሺስት ኢጣልያ በሚያዝያ 1937 ባወጣው ድንጋጌ ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲፈረድበት አደረገ። በግንቦት 1940 ደግሞ ከሁለቱ የተወለደ ልጅ በኢጣልያዊው አባቱ እንዳይታወቅ ተከለከለ። አዲስ አበባም ነጭ ከአገሬው ተለይቶ እንዲኖር ታቅዳ ተሸነሸነች። የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ለአገሬው በተመደበው በምዕራቡ ሠፈር ተተከለ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። ካዛንችስ የሚለው ስም ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከታነጹት ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። አገዛዙ ዕድሜው አምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ የከተማዋን መልክ ግን ዛሬም በእግራችን እንረግጠዋለን።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፤ ይህን የማያደንቅ የገባርን ታሪክ ያላነበበ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ግን፣ መቶ ቤት የሚያከራየው ባለጸጋና ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድገው ባልቴት በአንድ ቃል፣ «ትርፍ ቤት» በሚለው፣ ተጠቃለሉ። በዚያው አዋጅ ቀበሌ ተወለደ። እኔ የቀበሌ የራሽን ደብተር ይዤ ተሰልፌ ያደግሁ ነኝ። ቀበሌ የእኛን የቤተሰብ ቁጥር፣ የእንግዳችንን ስም፣ የቤታችንን ኪራይ ያውቅ ነበር። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በ1983 ዓ.ም. ከአደባባይ ወረደ፤ ቀበሌ ግን አልወረደም። መሬትም ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

አንቀጽ 39ም እንዲሁ የኋላ ታሪክ አለው። ስታሊን በ1913 ብሔር ምን እንደሆነ ሲበይን የዘረዘራቸው ቋንቋ፣ መልክዓ ምድር፣ ባህልና ሥነ ልቦና በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን የብሔረሰቦች ጥያቄ መከራከሪያ ሆኑ፤ ከዚያም በዋና ዋና ፍሬዎቻቸው ወደ ሕገ መንግሥታችን ትርጉም ገቡ። የተነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ ቋንቋው በፍርድ ቤት የማይሰማለት ዜጋ ብሶቱ የስታሊን ፈጠራ አይደለም። ይሁን እንጂ ብሶትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በመታወቂያው ላይ አንድና አንድ ብቻ ብሔር እንዲጽፍ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። እናቱ ከአንዱ አባቱ ከሌላው የሆነ ልጅ በዚያች ባዶ ቦታ ፊት ቆሞ ከወላጆቹ አንዱን እንዲመርጥ ሲገደድ፣ የተፈታው ጥያቄ አዲስ ጥያቄ ወልዷል።

ያለ መዝገብ ይቻላልን?

ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። ያለ መዝገብ መንግሥት የለም፤ ክትባት የሚሰጠው፣ ትምህርት ቤት የሚሠራው ሕዝብ ሲቆጠር ነው። ከዚህም አልፎ፣ በአሜሪካ አድልዎ መኖሩን በፍርድ ቤት ለማረጋገጥ ያገለገለው ዘርን የሚመዘግበው ቆጠራ ራሱ ነው። ፈረንሳይ በ1978 ሕጓ እንዲህ ያለውን ምዝገባ በእጅጉ ስለገደበች፣ በዚያ አገር አድልዎን በአኃዝ ማሳየት አዳጋች ሆኗል። አለመቁጠርም በደልን ሊሸሽግ ይችላል። ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ።

ስለዚህ ሙግቴ መዝገብ ይቃጠል የሚል አይደለም። ሕዝብን በጥቅሉ ለማወቅ የሚሰበሰብ አኃዝና በግለሰቡ ኪስ ውስጥ የሚዞር ስያሜ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለዕቅድ ያገለግላል፤ ሁለተኛው በኬላ ላይ ይነበባል። ስያሜው ባለቤቱ ራሱ ሊመልሰው፣ ሊያርመውና ሊተወው የሚችል መሆኑም ሌላው መለያ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሩዋንዳና በሶቪየት መዝገቦች ውስጥ ተመዝጋቢው ከስሙ የሚወጣበት በር አልነበረም። ሩዋንዳ ከ1994 በኋላ ያንን መስመር ከመታወቂያ ላይ ሰርዛለች፤ ትምህርቱ የተገኘበት ዋጋ ግን ማንም ሊከፍለው የማይገባ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል አብዛኞቹ የርዕዮት ፈላስፋ አትሆኑም። የቀበሌ ጸሐፊ፣ የባንክ ባለሙያ፣ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ፣ የሶፍትዌር ቀራጭ ትሆናላችሁ። አንድ ቀን ከጠረጴዛችሁ ላይ ረቂቅ ቅጽ ይቀርብላችኋል፤ በውስጡም ማን እንዳስገባው የማይታወቅ አንድ ጥያቄ ይኖራል። ያን ጊዜ ይህ መልስ ለምን አገልግሎት ይፈለጋል፣ ነገስ በማን እጅ ይገባል ብላችሁ ጠይቁ። በቂ መልስ ካላገኛችሁ መስመሩ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቡ፤ ምክንያታችሁንም በጽሑፍ አስፍሩ።