አስጎብኚው ያላሳየው ቻይና

የቻይናን መሬት ሳይረግጥ ስለ ቻይና ገበሬ እስከ ሌሊት የማይከራከር ተማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ከተሞች ማግኘት ያስቸግር ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፍራንክፈርት የዚህ ክርክር አንዷ ገበያ ነበረች። በቬስትኤንድ ሰፈር የመሬት ነጋዴዎችና ባንኮች ነባሮቹን መኖሪያ ቤቶች እየገዙ፣ ተከራዩን እያስወጡ፣ በቦታው የመሥሪያ ቤት ፎቅ ለመትከል ሲሯሯጡ፣ በመስከረም 1970 ተማሪዎችና ቤት ያጡ ቤተሰቦች በኤፕሽታይነር ጎዳና ቁጥር 47 ያለውን ባዶ ቤት ገብተው ያዙ። በዚያው ሰፈር፣ በቀድሞው የኢ.ጌ. ፋርበን ሕንፃ፣ የአሜሪካ ጦር መምሪያ ተቀምጦ ነበር፤ ቬትናም ደግሞ በቦምብ ትነድ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከዋሽንግተንም ከሞስኮም የተለየ መንገድ አለኝ የምትል አገር የወጣቱን ልብ መሳቧ አያስገርምም። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ተጨማሪ ምክንያት ነበረው። በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ የተሰለፈ ንቅናቄ፣ ገበሬው ባለርስቱን ገለበጠ የሚል ወሬ ሲሰማ ጆሮውን ማቆሙ ግድ ነው።

ታዲያ ከአውሮፓ ወደ ቻይና የተጓዙት ያዩት ምን ነበር? ጉዞው በግብዣ ነው። እንግዳው ከድንበር ጀምሮ አስተርጓሚና አስጎብኚ ይመደብለታል። ፔኪንግ፣ ሻንጋይና ካንቶን ይወሰዳል፤ ፋብሪካና መዋዕለ ሕፃናት ይጎበኛል፤ በየደረሰበት ሻይ ቀርቦ «አጭር መግለጫ» ይሰጠዋል። ገጠር ልይ ያለ ደግሞ ወደ የናን ወይም በሻንሲ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ዳጃይ መንደር ይሄዳል። ስዊድናዊው ያን ሚርዳል በ1962 በየናን አቅራቢያ በሊዩ ሊን መንደር አንድ ወር ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። ገበሬዎቹን እያንዳንዳቸውን አነጋግሯል፤ ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ሆኖም መንደሪቱ ለባዕድ የተከፈተች መንደር ነበረች።

ለባዕድ ባልተከፈቱት ወረዳዎች የሆነው ሌላ ነው። ከ1959 እስከ 1961 ቻይና ውስጥ በታሪክ ከታወቁት ረሃቦች ሁሉ የከፋው ደረሰ። የሟቾቹን ቁጥር ተመራማሪዎች ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን ይገምቱታል። ኤድጋር ስኖው በ1960 ለወራት በአገሩ ተዘዋውሮ ረሃብ አላየሁም አለ። ፍራንሷ ሚተራን በ1961 መጀመሪያ ሄዶ ያንኑ ደገመ። ሁለቱም ማየት የማይችሉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሄዱበትን መንገድ የመረጠው ግን ባለቤቱ ነው። የሄናኗ ሺንያንግ፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈባት፣ በእንግዳ መርሐ ግብር ውስጥ አልነበረችም።

ዳጃይም ከዚህ የራቀች አይደለችም። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ቤተሰቦች ተራራውን በእጃቸው እርከን ሠርተው ራሳቸውን ቻሉ ተባለ፤ ማኦ በ1964 «ግብርና ከዳጃይ ይማር» አለ። የመንደሪቱ መሪ ቼን ዮንግጉዊ በ1975 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ። በ1980 ግን ዳጃይ የምትገኝበት የሺያንግ ወረዳ የእህል ቁጥር ለዓመታት ተጋንኖ ይቀርብ እንደነበር የቻይና ጋዜጦች ራሳቸው ጻፉ። ቼንም በዚያው ዓመት ከሥልጣኑ ተነሣ። እርከኑ ውሸት አልነበረም፤ የገበሬው ላብም እንደዚሁ። ውሸቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው።

ከዚህ ላይ ቻይናን ብቻ ለይቶ መውቀስ አይገባም። የውጭ አገር መሪ በመጣ ቁጥር የድሃ ሰፈር በቆርቆሮ አጥር ሲጋረድ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሙያ ከማንም አይማርም።

የተማሪውን ንቅናቄ የነካው ጉብኝት ደግሞ ሌላ ነው፤ የኃይለ ሥላሴ ጉብኝት። ቹ ኤን ላይ በ1964 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ሲመጣ ንጉሡ የተቀበለው በአዲስ አበባ ሳይሆን በአስመራ ነበር፤ አሜሪካኖቹን ላለማስቀየም። የዲፕሎማሲ ግንኙነት የተመሠረተው በኅዳር 1970 ነው። በጥቅምት 1971 ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግ ገባ፣ ማኦም እጁን ጨበጠው። ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1969 ከተገደለ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ኢሳያስ አፈወርቂና ራሞዳን መሐመድ ኑር በ1967 ለሥልጠና የሄዱባት ቻይናም ለኤርትራ ተዋጊዎች ትሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመች። ቀዩን መጽሐፍ በኪሱ የያዘ ተማሪ የጭሰኛው ንጉሥ በሕዝብ ሪፑብሊክ ምንጣፍ ላይ ሲራመድ ማየቱን ማስረዳት ነበረበት። አንዱ የዲፕሎማሲ ስልት ነው ይላል፣ ሌላው ክህደት ነው ይላል። እንደ እኔ ፍርድ ሁለቱም ወገን ስለ መንግሥት እየተናገረ ስለ ቻይና ገበሬ የሚናገር ይመስለው ነበር።

ከዚያ ጉብኝት የተረፈ አንድ የሚዳሰስ ነገር አለ። በተፈረመው ስምምነት ቻይና ወለድ የሌለው ወደ 84 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ፈቀደች። ንጉሡ ከወረደ በኋላ በዚያ ገንዘብ ከወልድያ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተሠራ። ከወልድያ ወጥቶ ጋሸና፣ ከጋሸና ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ይደርሳል። ዛሬም የቻይና መንገድ ሲባል ይሰማል። አውሮፓ ያለው ተማሪ በወረቀት ላይ ወደ የናን ሲጓዝ፣ የቻይና መሐንዲሶችና ሠራተኞች በእግራቸው በላስታና በጋይንት ደጋ ላይ ነበሩ። በምን ቋንቋ ተግባቡ? ገበሬው ምን አላቸው? የነሱ አገር መንደሮች ከ15 ዓመት በፊት በረሃብ ሲያልቁ ያዩ ካሉባቸው፣ የወሎን ገበሬ ሲያዩ ምን ተሰማቸው?

መንገዱ የሚነሣው በ1973 ረሃብ ከተመታው ወሎ ነውና ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ያን ረሃብ ቤተ መንግሥቱ ሸሸገ። የገለጡት ያለ አስጎብኚ ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ ያነሱና ለተማሪው ያሳዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ኋላም የውጭ ካሜራ ነው። በቻይናም ያደረገው የውጭ እንግዳ አይደለም። ያንግ ጂሼንግ የመንግሥቱ የዜና አገልግሎት ጋዜጠኛ ነበር፤ አባቱ በ1959 በረሃብ ሞቷል። ከብዙ ዓመት በኋላ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እየዞረ የፓርቲውን መዛግብት ገልብጦ ሟቾቹን ወደ 36 ሚሊዮን ገመተ። መጽሐፉ በ2008 ሆንግ ኮንግ ወጣ፣ በአገሩ ታገደ፣ በ2012 ደግሞ በዚሁ በፍራንክፈርት በጀርመንኛ ታተመ።

የአሜሪካ ጦር ሕንፃውን በ1995 ለቆ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ቬስትኤንድ ግቢ ሆኗል። ከቻይና የመጣ ተማሪ በንባብ ቤቱ ከጎናችን ይቀመጣል፤ የአያቱን መንደር ስም መጠየቅ ግብዣም አስተርጓሚም አያሻውም። በወልድያና በወረታ መካከል ዘመድ ያለው ጓድ ደግሞ ስልክ ይደውል። ከቻይኖቹ ጋር ድንጋይ የፈለጡት ሰዎች አሁን ሽማግሌዎች ናቸው።