አምስት ጊዜ የወረደው፣ ፈላጊ ያላጣው ተከላካይ

በእንግሊዝ እግር ኳስ የአይስላንዳዊው ሄርማን ህሬይዳርሰን ስም ሲነሣ አንድ ቁጥር አብሮ ይነሣል፤ አምስት። ክሪስታል ፓላስ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ዊምብልደን በ2000፣ ኢፕስዊች ታውን በ2002፣ ቻርልተን በ2007፣ ፖርትስማውዝ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርዱ ይህ የግራ መስመር ተከላካይ በአምስቱም ቡድኖች ውስጥ ነበር። አምስት ጊዜ በመውረድ የሚስተካከለው የዌልሱ አጥቂ ናታን ብሌክ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ሰውየውን በእሱ ብቻ መመዘን ግን በደል ነው።

ያደገበት ክለብ ኢቤቬ የሚገኘው ከአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍ ማዶ ባሉት የቬስትማን ደሴቶች ነው። ከደሴቶቹ ሰው የሚኖርባት ሄይማይ ብቻ ናት። ጃንዋሪ 23 ቀን 1973 ሌሊት መሬቷ ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች በማዕበል ምክንያት ወደብ ላይ ቆመው ስለነበር ከ5,000 በላይ የሆነው ሕዝብ በዚያው ሌሊት ተጭኖ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ። ወደ 400 የሚጠጉ ቤቶች ጠፉ። ወደቡ የተረፈው በፈሳሹ እሳት ላይ የባሕር ውኃ ለወራት እየተረጨ ነው። ሄርማን በተከታዩ ዓመት ተወለደ፤ ደሴተኞቹ ያኔ ገና አመዱን እየጠረጉ ነበር።

ከአይስላንድ ወደ ብሪታንያ የተሻገረ የመጀመሪያው ተከላካይ እሱ አይደለም። ዮሃንስ ኤድቫልድሰን በ1975 ለሴልቲክ፣ ጉድኒ በርግሰን በ1988 ለቶተንሃም ፈርመዋል። ልዩነቱን ያመጣው የ1994ቱ የአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ስምምነት ነበር። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም፣ በዚህ ስምምነት ዜጎቿ ያለ ሥራ ፈቃድ ጣጣ እንግሊዝ ገብተው መሥራት ቻሉ። ክሪስታል ፓላስ በ1997 ክረምት የ23 ዓመቱን ሄርማን ሲያስፈርም ይህ በር ተከፍቶ ነበር።

የገባበት ቤት ግን እየፈረሰ ነበር። ፓላስ በዚያ የውድድር ዘመን በሜዳው የመጀመሪያውን የሊግ ድል ያገኘው በኤፕሪል ነው፤ የወረደውም በመጨረሻ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። የክለቡ ባለቤት ሮን ኖዴስ ፓላስን ሸጦ በአራተኛው እርከን የነበረውን ብሬንትፎርድን ገዛ፤ ሄርማንንም በብሬንትፎርድ ታሪክ ከፍተኛ በነበረ ዋጋ አስመጣው። የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሦስት እርከን ዝቅ ብሎ መጫወቱ ለብዙዎች የማሽቆልቆል ምልክት ነው። እሱ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከብሬንትፎርድ ጋር የምድቡን ዋንጫ አነሣ፤ በ1999 መጸው ዊምብልደን 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ መለሰው።

ዊምብልደን ሲወርድ ኢፕስዊች ወሰደው። ከታች ገና የወጣው ኢፕስዊች በ2000/01 ሊጉን 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በቀጣዩ መጸውም በዩኤፋ ካፕ ኢንተር ሚላንን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ። ያ ደስታ ዓመት አልዘለቀም። ክለቡ በ2002 ወረደ፣ ዕዳው ተቆለለ፣ በ2003 መጀመሪያ ላይ ሒሳቡ በውጭ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ተጫዋቾች መሸጥ ነበረባቸው፤ ሄርማን ወደ ቻርልተን ሄደ። ቻርልተን አሠልጣኙ አለን ከርቢሽሊ እስኪለቅ ድረስ ተረጋግቶ ኖረ፤ በ2006/07 ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አሠልጣኝ ቀያይሮ ወረደ። ተከላካይ ኳስ ያወጣል እንጂ የክለብ ዕዳ አይከፍል፣ አሠልጣኝ አይሾም።

ትልቁ ቀን ከቻርልተን ቀጥሎ በሄደበት በፖርትስማውዝ መጣ። በአሠልጣኝ ሃሪ ሬድናፕ ቡድን ከግብ ጠባቂው ዴቪድ ጄምስ ፊት ግሌን ጆንሰን፣ ሶል ካምቤል፣ ሲልቫን ዲስታንና ሄርማን ይሰለፉ ነበር። በኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድን በኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 0 ጣሉ። ሜይ 17 ቀን 2008 በዌምብሌይ ካርዲፍን በካኑ ጎል 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ክለቡ ከ1939 ወዲህ የመጀመሪያውን ኤፍኤ ካፕ አገኘ። ሄርማን ያን ዕለት ከመጀመሪያው ተሰላፊዎች አንዱ ነበር። ቁጥር አምስትን የሚያነሣ ሁሉ ይህንን ቀን አብሮ ሊያነሣ ይገባል።

ዋንጫውን ያመጣው ወጪ ክለቡንም በላው። በ2010 ፖርትስማውዝ 9 ነጥብ ተቀንሶበት ወረደ። ሄርማን በዚያው ማርች ከቶተንሃም ጋር ሲጫወት የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ስለነበር ቡድኑ ከቼልሲ ጋር ያደረገው የዋንጫ ፍጻሜ አመለጠው።

ለአገሩ 89 ጊዜ ተሰልፎ በ2011 አበቃ። አይስላንድ በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የአቻነቱን ጎል ያገባው ሌላ ተከላካይ፣ ራግናር ሲጉርድሰን ነው። ለሄርማን ትውልድ ግን ወደ ትልቅ ውድድር መግባት እንኳ አልተሳካለትም።

በ2013 ኢቤቬን ማሠልጠን ሲጀምር ዴቪድ ጄምስን አሳምኖ ወደ ደሴቲቱ አመጣው፤ በ2018 ደግሞ ጄምስ የሕንዱን ኬራላ ብላስተርስ ሲይዝ ረዳቱ ሆኖ ተከተለው። በ2022 እንደገና የኢቤቬ አሠልጣኝ ሆነ። ክለቡ በ2023 ወረደ። በዚህ ጊዜ ሄርማን ሌላ ክለብ አልፈለገም፤ ቡድኑን ይዞ በሁለተኛው እርከን ቆየ፣ በ2024ም የእርከኑን ሻምፒዮንነት አስገኝቶ መልሶ አወጣው።