ዲከረንስና የፋግታ ለኮማ ወጣት

በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ባለይዞታ ማድረጉ የታወቀ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ድልድልም መሬት ካልነበራቸው ለብዙዎቹ ድርሻ አስገኝቷል። ያኔ በእናቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃን ግን ጎልምሶ ሲነሣ የጠበቀው ከአባቱ ማሳ የሚቆረስ ጥቂት፣ አለዚያም ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ አጨዳ የሚወስደው መንገድ ነበር። በአዊ ምድር፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በሚገኘው በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ሌላ መንገድ የከፈተለት አንድ ዛፍ ነው።

ዛፉ ዲከረንስ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያበቅላል፤ በማግስቱ ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ይከስላል፤ መሬቱም ወደ ጤፍ ይመለሳል። በአሲዳማነቱ እህል ለሚነፍገው ለዚያ አፈር ይህ ዑደት እረፍት ነበር።

የወጣቱ ድርሻ የሚጀምረው ከችግኝ ነው። መሬት የሌለው፣ በተከራያት ጥቂት ስፍራ ችግኝ አፍልቶ ይሸጣል፤ ጉልበት ያለው ይቆርጣል፣ ይከምራል፣ በሣርና በአፈር ደፍኖ እሳት ይለኩሳል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ክምሩ በአንድ በኩል ከተሸነቆረና አየር ከገባበት፣ የቀናት ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። አክሳዩ የጭሱን ቀለም እያነበበ ያድራል፤ ነጩ ጭስ ሳስቶ ሲሰማያዊ መብሰሉን ያውቃል። (ከተሜው ቡናውን ሲያፈላ ይህን ሌሊት አያስበውም።) ከዚያም ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ በአዲስ ቅዳም በኩል ባለው አውራ ጎዳና ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ጫኝ፣ ደላላና ነጋዴ ከዚሁ ይኖራሉ። ሆኖም ዛፉ የባለይዞታው፣ መኪናው የነጋዴው ነው፤ ለአክሳዩ የቀረው የጉልበት ዋጋና በሳንባው የገባው ጭስ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረት ግን አንድ የዛፍ ዘር ብቻ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው፤ ቅጠሉ ዛገ፣ ችግኙም በመደቡ ላይ ደረቀ። መሬት ያለው ዛፉን ነቅሎ ድንች ወይም ባሕር ዛፍ ሊተክል ይችላል። በችግኝና በከሰል ያደረው ወጣት ግን የሚነቅለውም የሚተክለውም የለውም።